ተከልን፤ አጸደቅን ወይ?

ስለ ተከላ የሚወራው በሐምሌ ነው። እኔ ግን ሆን ብዬ በየካቲት አነሳዋለሁ፤ ችግኝ የሚሞተው በዚህ ወቅት ነውና።

ባለፈው ሐምሌ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ለተከላ ወጥተን ነበር። አውቶቡስ ተዘጋጅቶልን፣ ቲሸርት ታድሎን፣ ከከተማ ወጣ ወዳለ ኮረብታ ሄድን። ጉድጓዱ ቀድሞ ተቆፍሮ ጠበቀን። የደረሰኝን ጉድጓድ ላስተካክል እጄን ስሰድ የደረቀ የችግኝ እንጨት ከነፕላስቲኩ አገኘሁ። ያምና ነው። አጠገቤ የቆመው ባልደረባዬ እየሳቀ፣ «አምናም እዚሁ ነበር የተከልነው» አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ፎቶ ተነሣን፣ ተከልን፣ ተመለስን።

ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። አንድን ጉድጓድ ሁለት ጊዜ ሞልተን ሁለቱንም ጊዜ «ተከልን» ብለን ሪፖርት ያደረግን ሰዎች ነን። በወረቀቱ ላይ ሁለት ችግኝ አለ። በኮረብታው ላይ ግን ምናልባት አንድም የለም።

በቋንቋችን ችግኝ ሥር ሲይዝ «ጸደቀ» እንላለን። ለነፍስ የምንጠቀምበትን ቃል ለተክል መስጠታችን በአጋጣሚ አይመስለኝም። መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው። ማጽደቅ ግን ዓመታት ይወስዳል። የዛሬው ክርክሬ አጭር ነው። እንደ ሀገር መትከልን አከበርን፣ ማጽደቅን ግን ባለቤት አሳጣነው። ይህ ደግሞ በተራራው ላይ ብቻ ሳይሆን በከተማው መንገድ ዳር፣ በኮንዶሚኒየሙ ግቢና በየቤታችን ደጃፍ የሚታይ ነገር ነው።

*

የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በ2011 ሲጀመር ሐምሌ 22 በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሮን ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ በሚሊዮን ተጀምሮ ቢሊዮን ውስጥ ገብቷል። በመርሐ ግብሩ ሐሳብ ላይ ጠብ የለኝም። የተራቆተ ኮረብታ ያየ ሰው ዛፍ መትከልን አይቃወምም። የእኔ ጥያቄ የቆጠራው ቀን ላይ ነው። ለምን በሐምሌ እንቆጥራለን? ለምን በሦስተኛው ዓመት የካቲት አንቆጥርም?

ቋሚ ተክል ከጎመንና ከሰላጣ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። አደይ አበባ በመስከረም አብቦ፣ ዘሩን ጥሎ ይደርቃል። በዓመቱ ከዘሩ እንደገና ይበቅላል፤ የእኛን እጅ አይጠብቅም። ጌሾ፣ ጤና አዳም፣ ኮሰረት፣ ጽጌረዳ፣ ቡና ግን ሌላ ጠባይ አላቸው። የመጀመሪያውን ዓመት አብዛኛውን ጉልበታቸውን ለሥር ያውላሉ። ከላይ ሲታዩ ያደጉ አይመስሉም። ችኩል ሰው «ይሄማ አልያዘም» ብሎ ይተዋቸዋል። በሁለተኛው ዓመት ቅርንጫፍ ያወጣሉ። ሙሉ መልካቸውን ብዙውን ጊዜ የምናየው ከሦስተኛው ዓመት ወዲህ ነው። ከዚያ በኋላ ግን በትንሽ እንክብካቤ ለብዙ ዓመታት ይከፍሉናል።

ስለዚህ ቋሚ ተክል የሚተክል ሰው ውል የሚገባ ሰው ነው። የሁለት በጋ ውል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች ያሻገረው ሰው ቀሪውን ተክሉ ራሱ ይወጣዋል። ያላሻገረው ደግሞ በየሐምሌው ያንኑ ጉድጓድ ይቆፍራል።

*

ይህን ውል ከማንም በላይ የሚያውቁት እናቶቻችን ናቸው። እኔ የተማርኩት ከጎረቤቴ ነው። የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ውስጥ አንዲት እናት ይኖራሉ። የቀድሞ ግቢያቸው ለልማት ሲፈርስ ወደዚህ ሲመጡ ከዕቃቸው ጋር አንድ ጆንያ ይዘው መጡ። ጆንያው ውስጥ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ የጠጅ ሣር ሥር፣ የጤና አዳምና የኮሰረት ቅርንጫፍ ነበር። ዛሬ ከደረጃው ሥር ያለችው ሁለት ሜትር የማትሞላ መሬት በግቢው ውስጥ በየካቲትም አረንጓዴ የሆነች ብቸኛ ቦታ ናት። የቀረውን በየዓመቱ በማኅበር እያዋጣን የምንተክልበት ነው።

አንድ ቀን «እማማ፣ የእርስዎ ለምን አይደርቅም?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እናንተ ተክላችሁ ትሄዳላችሁ። እኔ ተክዬ እቀመጣለሁ» አሉኝ።

የእሳቸውን አሠራር ቆሜ ሳይ ምንም ምሥጢር የለውም። ቅደም ተከተል ግን አለው።

መጀመሪያ አፈሩ። የኮንዶሚኒየም መሬት አፈር አይባልም፤ የሲሚንቶ ፍርፋሪ፣ ጠጠርና የቀለም ቆርቆሮ ነው። እሳቸው ከመትከላቸው በፊት አንድ ክንድ ያህል ቆፍረው ፍርስራሹን አወጡ። ከወንዝ ዳር ያስመጡትን አፈርና የበሰበሰ ፍግ ቀላቅለው ሞሉት። እኛ ግን «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» እንደሚባለው ችግኙ በመኪና ሲደርስ ነው ዶማ ፍለጋ የምንሯሯጠው።

ቀጥሎ ማባዛቱ። ጠጅ ሣር ለማብዛት ዘር አያስፈልገውም። በሁለት ሦስት ዓመት አንዴ ጉንጉኑ እየወፈረ መሐሉ መድረቅ ሲጀምር ሙሉውን ነቅሎ፣ እያንዳንዱ ከነሥሩ እንዲሆን አድርጎ መገንጠል ነው። ቅጠሉን ወደ አንድ ስንዝር አሳጥሮ፣ በመሐላቸው ግማሽ ሜትር ያህል ትቶ ክረምቱ ሲገባ መትከል። ካልተገነጠለ ያረጃል። ከተገነጠለ ግን ከአንዱ አሥር ይወጣል፣ ዘጠኙም ለጎረቤት ይተርፋል። ጤና አዳምና ኮሰረት ደግሞ በቅርንጫፍ ይባዛሉ። በጣም ያልለመለመ፣ በጣምም ያልደረቀ ቅርንጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ይቆረጣል። የታችኛው ቅጠል ይራገፋል፣ አንጓው አፈር ውስጥ ይገባል፣ ሥር እስኪይዝ ከፀሐይ ይከለላል። ጤና አዳምን በጠራራ ፀሐይ በባዶ እጅ የቆረጠ ሰው ደግሞ ቆዳው ሊያቃጥለውና ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ለዚህ ነው እማማ የሚቆርጡት ሲመሽ፣ እጃቸውን በፌስታል ሸፍነው የሆነው።

ከዚያ ውሃው። በቦሌና በአቃቂ በኩል ያለው ጥቁር ዋልካ አፈር በክረምት ውሃ ያቁራል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ጤና አዳም በዚህ አፈር ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሞተው በጥም ሳይሆን በሐምሌ ውሃ ታፍኖ ነው። መፍትሔው መደቡን ከፍ አድርጎ ውሃው እንዲወርድ ማድረግ ነው። በበጋ ደግሞ በየቀኑ ላይ ላዩን ከመርጨት ይልቅ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ይሻላል። ላይ ላዩን የለመደ ሥር ላይ ላዩን ይቀራል። ወደ ታች ውሃ ያገኘ ሥር ወደ ታች ይወርዳል። እማማ ጤፍና ምስር ያጠቡበትን ውሃ አይደፉም። የተክሎቹን እግር በደረቀ ሣርና ቅጠል ጉዝጓዝ ይሸፍኑታል፤ እርጥበቱ አይሸሽም፣ አረሙም አንገት አያነሣም።

በመጨረሻ መቀስ። እኛ ለተክል ስለምናዝን አንቆርጥም። ያልተቆረጠ ኮሰረት ግን ቁመቱ ረዝሞ፣ ከታች ተራቁቶ እንጨት ብቻ ይሆናል። በየጊዜው ጫፉ የሚቆረጥ ይደድራል፣ ጎን ለጎን ያወጣል። የተቆረጠው ደግሞ ለቅቤ ማንጠሪያ ይሆናል። የጓሮ ተክል ብልሃቱ ይህ ነው፦ መጠቀሙ ራሱ እንክብካቤ ነው።

*

ይህ እውቀት የአንዲት እናት ብቻ አይደለም፤ ሀገራዊ ነው። ወደ ደቡብ ውረዱ። ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በእንሰት ላይ ኑሮውን መሥርቷል። እንሰት እንደ ሙዝ በራሱ ጊዜ ከሥሩ አያወጣም። ገበሬው ገና ያልደረሰውን ተክል ቆርጦ፣ አሚቾውን አውጥቶ፣ የመሐሉን እምብርት ይፍቀዋል። ከዚያ ከፍግ ጋር መልሶ ይቀብረዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ከዚያ አንድ አሚቾ በደርዘን የሚቆጠሩ ቡቃያዎች ይወጣሉ። እነሱም በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ከመደብ ወደ መደብ እየተዛወሩ፣ ርቀታቸው እየሰፋ ለዓመታት ያድጋሉ። በእንሰት ጓሮ ውስጥ የዘንድሮውም፣ ያምናውም፣ የዛሬ አምስት ዓመቱም ተክል በየረድፉ ቆሞ ይታያል። ያ ጓሮ የተተከለውን ብቻ ሳይሆን የጸደቀውን የሚያሳይ የሂሳብ መዝገብ ነው። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ እንሰት፣ ቡናና ትልልቅ ዛፎች አብረው የሚኖሩበት ይህ ጥበብ ነው የተመዘገበው።

ወደ ሰሜን ውጡ። የመንዝ ጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት መኖ ያገለግላል። የአካባቢው ሰው ለዘመናት በራሱ ሕግ ጠብቆታል። ሣሩ እስኪደርስ ቦታው ለዓመታት ይዘጋል። ሲደርስ በስምምነት ይከፈታል፣ ይታጨዳል፣ ተመልሶ ይዘጋል። ማንም ሰው «ጓሳ ተከልሁ» ብሎ አያውቅም። የተደረገው መጠበቅ ብቻ ነው፤ ሣሩም እስከ ዛሬ አለ።

ከደቡብም ከሰሜንም የምንማረው አንድ ነው። ቋሚ ተክል የሚጸድቀው ባለቤት፣ ሕግና ጊዜ ሲኖረው ነው። ሦስቱም በሐምሌ ዘመቻ ውስጥ የሉም።

*

አሁን ወደ ከተማችን እንመለስ። የአዲስ አበባ ኮሪደር ልማት ከ2016 ጀምሮ የመንገድ ዳሩን መልክ ለውጦታል። የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፤ ጭቃ የነበረው ቦታ አረንጓዴ ሆኗል። ያማረውን አምሯል ማለት ነውር የለውም። በዚህ ሥራ ምክንያት ቤታቸውን ለቀው የሄዱ ሰዎች ጉዳይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ ዛሬ በተክሉ ላይ ብቻ ልቆይ።

በብዙ መንገድ ዳር የምናየው አረንጓዴ ሣርና የወቅት አበባ ነው። ሣር ሥሩ ጥልቅ ስላልሆነ በበጋ ቶሎ ቶሎ መጠጣት አለበት። የወቅት አበባ ደግሞ ጥቂት ወራት አብቦ ያልቃል፤ ተነቅሎ ሌላ ይተካል። ሁለቱም የቦቴ ውሃና የማያቋርጥ ግዢ ይፈልጋሉ። ቧንቧው በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጀሪካን ተሸክማ የምታልፍ እናት ሣር የሚያጠጣ ቦቴ ስታይ ምን እንደሚሰማት ማሰብ ነው።

በዚያው መደብ ላይ ሥር ከያዙ በኋላ በጥቂት ውሃ የሚኖሩ ቋሚ ተክሎች ሊቆሙ ይችሉ ነበር። የራሳችንን እንኳን ብንቆጥር ብዙ አሉን። ልዩ ልዩ የሬት ዝርያዎች አሉን፤ ከፊሎቹ ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ አይበቅሉም። ቀጋ አለን፤ የራሳችን የዱር ጽጌረዳ። የጽጌረዳ አበባ ቆርጠን በአውሮፕላን ለዓለም እንሸጣለን፣ ቀጋን ግን ለአጥር እሾህ ብቻ እናውቀዋለን። በባሌና በሰሜን ተራሮች ላይ እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ የሚያብበው ክኒፎፊያ የኛ ነው። የዚህ ወገን አበቦች በአውሮፓ አትክልት ቦታዎች ውስጥ በክብር ይተከላሉ። በኢትዮጵያ የሚበቅል የግላዲዮለስ ዝርያም እዚያ በኮረት መልክ በሱቅ ይሸጣል። እኛ ጋ ግን ችግኛቸውን ፈልጎ ማግኘት ጭንቅ ነው። ጤና አዳም፣ አሪቲና ጠጅ ሣርስ ለመንገድ ዳር ምን ይጎድላቸዋል? አረንጓዴ ናቸው፣ ይሸታሉ፣ ይባዛሉ።

«ሕዝቡ ቆርጦ ይጨርሰዋል» የሚለኝ ይኖራል። ሊሆን ይችላል። ግን ጠጅ ሣር ቢቆረጥ ከሥሩ ያወጣል። ለበዓል ቡና የምትሆን አንዲት የጤና አዳም ቀንበጥ ከመንገድ ዳር የቆረጠች ሴትም የከተማዋን ውበት ሰረቀች የምንላት አይደለችም። ከተማዋን መጠቀም ጀመረች እንጂ።

*

ሌላ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ እሱን ሳልመልስ ባልፍ አንባቢን መናቅ ይሆንብኛል። «ሀገር በጦርነት፣ ሰው በኑሮ ውድነት እየተጨነቀ አንተ ስለ ጤና አዳም ታወራለህ?» የሚል። እውነት ነው፤ ጤና አዳም ጦርነት አያስቆምም። ነገር ግን የምናወራው ስለ አንድ ልማድ ነው። ጀምሮ መተው። መርቆ መርሳት። ትምህርት ቤት መርቀን ወንበር አንጠግንም፤ የውሃ ጉድጓድ መርቀን ፓምፑ ሲበላሽ ዞር ብለን አናይም። ተክል ይህን ልማዳችንን በጣም ርካሽ በሆነ ዋጋ ያሳየናል። በጓሮ ያልተለመደ እንክብካቤ በሀገር ደረጃ ከየት ይመጣል?

ኑሮ ውድነቱም ቢሆን ከዚህ የራቀ አይደለም። ግቢ ከነበራቸው ሰፈሮች ወደ ኮንዶሚኒየም የተዛወረው ሕዝብ ያጣው ቤቱን ብቻ አይደለም። ሳይገዛ ይቆርጠው የነበረውን ኮሰረት፣ ጌሾ፣ ጎመንና ዳማ ከሴም አጥቷል። ዛሬ በበዓል ዋዜማ ከገበያ በእስር የምንገዛው ያኔ ከጓሮ የሚመጣ ነበር። ጓሮ ሲጠፋ ወጪው ይጨምራል፣ አብሮም እውቀቱ ይጠፋል። ልጆቻችን ኮሰረትን የሚያውቁት ተፈጭቶ በፌስታል ነው።

*

ታዲያ ምን ይደረግ? ቅሬታ ብቻ ይዤ አልመጣሁም።

አንደኛ፣ የሚቆጠርበት ቀን ይቀየር። ማንኛውም መሥሪያ ቤት የዘንድሮውን ተከላ ከመጀመሩ በፊት የዛሬ ሦስት ዓመት የተከለውን ቦታ ሄዶ ይቁጠር፣ ቁጥሩንም በዚያው ባነር ላይ ይጻፍ። «ዛሬ 1000 ተከልን» ከማለት በፊት «ከዛሬ ሦስት ዓመቱ 1000 ውስጥ ይህን ያህል ጸድቋል» ይበል። ቁጥሩ ያሳፍር ይሆናል። ያሳፈረን ቀን መንከባከብ እንጀምራለን።

ሁለተኛ፣ በጀቱ ይከፈል። ለአውቶቡስ፣ ለቲሸርትና ለምሳ ከሚወጣው ገንዘብ ግማሹ በሁለት በጋ ውስጥ ለሚያጠጣ፣ ለሚያርምና ለሚያጥር ሰው ደመወዝ ይሁን። መቶ ሰው ለአንድ ቀን ከሚተክል፣ አሥር ሰው ተክሎ ሁለቱ ለሁለት ዓመት ቢቀመጡ የተሻለ ደን ይኖረናል።

ሦስተኛ፣ ከተማው የራሱን ተክል ራሱ ያባዛ። ቋሚ ተክል የሚባዛው ከራሱ ነው። ዛሬ ከተተከለው ጠጅ ሣርና ሬት ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ለሌላ መንገድ የሚሆን ይገኛል። በየክፍለ ከተማው ይህን የሚሠሩ፣ መቁረጥና መገንጠል የሚችሉ አትክልተኞች ሥራቸው ሙያ ተብሎ ይከፈላቸው። የቦቴ ውሃውም ከሣር ይልቅ ለአዳዲስ ቋሚ ተክሎች የመጀመሪያ ሁለት በጋዎች ይሁን።

አራተኛው የኛ ነው፤ መንግሥትን የማይጠብቅ። በየኮንዶሚኒየሙ ማኅበር አለ፣ መዋጮ አለ፣ ባዶ መሬት አለ። ዘንድሮ ችግኝ ለመግዛት ከማዋጣታችን በፊት ሦስት ነገር እንወስን፦ አፈሩን ማን ያጸዳል? በየካቲት ማን ያጠጣል? ውሃው ከየት ይመጣል? ለእነዚህ የሰው ስም ካልተጻፈላቸው አንትከል። ገንዘቡን እንቆጥብ። ስም ከተጻፈላቸው ደግሞ ችግኝ መግዛትም ላያስፈልገን ይችላል። በየብሎኩ ጆንያዋን ይዛ የመጣች አንዲት እናት አትጠፋም።

*

ባለፈው ሳምንት ወደዚያ ኮረብታ ተመልሼ ነበር። ብቻዬን፣ ያለ ቲሸርት። የተከልኩበትን ቦታ በግምት አገኘሁት። ችግኜ ከታች ግራጫ ሆኗል፣ ጫፉ ላይ ግን ሁለት አረንጓዴ ቅጠሎች ነበሩት። በሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ይዤ ነበር፣ አፈሰስኩለት። የደረቀ ሣር ሰብስቤ እግሩን አለበስኩት። ከጎኑ ያሉት ጉድጓዶች አብዛኞቹ ባዶ ነበሩ።

ሁለት ጠርሙስ ውሃ አያጸድቀውም፤ አውቃለሁ። ክረምቱ እስኪገባ ገና ብዙ ይቀራል፤ እኔም በየሳምንቱ እዚያ ድረስ እመላለሳለሁ ብዬ አልዋሻችሁም። ግን ያየሁትን ለመሥሪያ ቤቴ የተከላ ኮሚቴ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ። በሐምሌ ወደዚያው ጉድጓድ እንዳንመለስ፣ ከተመለስንም አምና የተከልነውን ቆጥረን እንድንጀምር ጠይቄያለሁ። መልሱን እየጠበቅሁ ነው።

እናንተስ ባለፈው ሐምሌ የተከላችሁትን ከዚያ ወዲህ ሄዳችሁ አይታችሁታል? ካላያችሁ በዚህ ሳምንት ሂዱ። ውሃ ይዛችሁ።

ቸር እንሰንብት።